እናቴ የሞተውን ወንድሜን በየቀኑ ትጠይቀኛለች። በየቀኑ መርዶ ላርዳት?

የሽሮሜዳዋ

ሰላም ወገኖች። ለማሳጠር እሞክራለሁ፤ ካረዘምኩ ታገሡኝ።

እናቴ ሰባን አልፋለች። የመርሳት በሽታ እንደሆነ ሐኪም ከነገረን ከረምን። መጀመሪያ ሰፈሩ "ጃጅታለች፣ ዕድሜ ነው" ይል ነበር። ወጡ ላይ ጨው ትደጋግማለች። የዕድሯን ከፍላ ትመጣና "ልክፈል" ብላ ተመልሳ ትወጣለች። በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የገዛ ቤቷ ጠፍቷት የሰፈር ልጆች ይዘዋት መጡ። ያኔ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ታላቅ ወንድሜ አምና ሞተ። መርዶው በወጉ ነው የተነገራት። ማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባቷ ባሉበት። ቀብር ሄዳለች፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣለች፣ ለቅሶ የመጣውን ሁሉ ተቀብላለች። አርባው ሳይወጣ ግን አንድ ቀን ቡና እየቆላሁ "ምነው ይሄ ልጅ ድምፁ ጠፋ? ደውይለት እስቲ" አለችኝ። ቀና ብዬ ሳያት የምሯን ነው።

"እማዬ፣ አርፏል እኮ" አልኳት። ያን ቀን የሆነችውን ብጽፈው ደስ አይለኝም። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤት በሩጫ ገባ። ሲመሽ ደግሞ ጭራሽ ረሳችው። ለምን እንዳለቀሰች አታውቅም። ዐይኗ ግን አብጧል፣ እራት እምቢ አለች፣ ሌሊቱን ቤቱን ስትዞር አደረች። በማግስቱ "ደውይለት" ብላ ከዜሮ ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ አንዳንዴ እነግራታለሁ፣ አንዳንዴ "ሥራ ላይ ነው" እላታለሁ። ጂዳ ያለችው እህቴ በኢሞ እየደወለች "እናት አትዋሽም፣ ንገሪያትና ትልመደው" ትለኛለች። (እሷ ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ "ማሚ፣ አወቅሽኝ?" ነው። እሱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።) ጎረቤቶቼ ደግሞ "ምን ያስለፈልፍሻል፣ ዝም በይ" ይላሉ። ዝም ስላት "የምትደብቁኝ ነገር አለ" ትልና ቦርሳዬን ትበረብራለች።

የባሰው ማታ ማታ ነው። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ትቆማለች። "ልጄን ልፈልግ" ነው። ቁልፉን ጡቴ ሥር ነው የምደብቀው። ሠራተኛ አይበረክትልኝም። የባህል ልብስ ሱቅ አለኝ፣ እሱንም ግማሽ ቀን ነው የምከፍተው።

"በርቺ፣ እግዜር ያበርታሽ" ያለኝ ሰው ብዙ ነው፣ አሜን ብያለሁ። አሁን የምፈልገው በእናንተ የደረሰውንና እናንተ ያደረጋችሁትን ነው። ምን ትሏቸው ነበር?

የባቡሩ ልጅ

ነፍስ ይማር እህቴ።

የኔ አባት ነበር። ድሬዳዋ ነን። ከምድር ባቡር በጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በአዋሽና በድሬ መሐል ሲመላለስ የኖረ። በመጨረሻ የኔን ስም ረስቶት "አንተ ሰውዬ" ነበር የሚለኝ። ጣቢያዎቹን ግን ንቅንቅ አላለም። "ከአዋሽ ጀምርልኝ" ካልከው አሰቦት፣ መኢሶ፣ አፍደም፣ ኤረር፣ ሁርሶ ብሎ ድሬ ያስገባሃል። አንዱን ዘለህ ከተናገርክ ይቆጣል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በየቀኑ መርዶ አይረዳም። መርዶ ሲነገር እኮ ተከትሎት የሚመጣ ነገር አለ። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሰው እያለቀሰ፣ ሌላው ሰው እያስተዛዘነው፣ ሐዘኑን ቀስ በቀስ ያራግፋል። እናትሽ ወደ ሰልስቱ የምትሻገርበት ድልድይ የላትም። በነገርሻት ቁጥር የምትውለው ያችኑ የመጀመሪያዋን ማለዳ ነው። "ትልመደው" ለምትለው እህትሽ ይሄን ንገሪያት። ለመልመድ ማስታወስ ያስፈልጋል።

አባቴ የሚጠይቀኝ እናቴን ነበር። እሷ ቀድማው ሞታለች። "የት ሄደች?" ሲለኝ የት እንደሄደች ማስረዳቴን ተውኩና "ለምን ፈለግሃት?" ማለት ጀመርኩ። መልሱ ሁልጊዜ ሌላ ነው። አንድ ቀን "ሸሚዜ አልተተኮሰም" ይላል። ሸሚዙን አምጥቼ ፊቱ እተኩሳለሁ፣ አበቃ። ሌላ ቀን "ራበኝ" ነው። ሌላ ቀን "ብቻዬን ነኝ" አለኝ። ያን ቀን ሥራ ቀርቼ አብሬው ዋልኩ። አንቺም "ደውይለት" ስትልሽ "ምን ልበለው?" በያት። ምናልባት "በላህ ወይ በይው" ልትልሽ ትችላለች። ከዚያ ስለ ልጅነቱ ታወራልሻለች። እናት ስለ ልጇ ማውራት ነው የምትፈልገው። በሕይወት ያለ ልጅም ቢሆን ያው ነው።

የማታውን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። አባቴ 11 ሰዓት ሲል በድሬ ሙቀት ኮቱን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ ይነሳል። "የማታው ባቡር ይገባል።" ወንድሜ "አባዬ፣ ያ ባቡር ከቆመ ስንት ዓመቱ!" ብሎ ተከራከረው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ መሬት ወረደ። እኔ "አዋሽ ላይ ቆይቷል አሉ" አልኩት። "ስንት ሰዓት ይገባል?" "ገና አልደወሉም።" ሰዎቹን ሁሉ በአማርኛም በፈረንሳይኛም ሰድቦ ቁጭ አለ። በድሮው ባቡር የተሳፈረ ሰው ይፍረድ፤ "ቆይቷል" ማለት ውሸት ሊባል አይችልም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ "ና እንየው" ብዬ ይዤው እወጣ ነበር። ቤታችን ከዚራ ስለሆነ ጣቢያው ቅርብ ነው። በዛፎቹ ሥር እስከ በሩ እንሄዳለን፣ ዘበኛውን ሰላም እንላለን፣ እንመለሳለን። ሲመለስ ለምን እንደወጣ ረስቶታል፣ ግን ደክሞት ይተኛል። በር ቆልፈሽባት ከምትታገያት አብረሻት ነጠላሽን አጣፊና አንድ ዙር ዞራችሁ ግቡ። መብራቱን ሳይጨልም አብሪው። ጥግ ጥጉ ላይ የሚያርፈው ጥላ ሰው መስሎ ይታያቸዋል። ከሰዓት በኋላ ቡና ቀንሺባት። እኛ ቤት ጫቱም ነበር። በዚያ ዕድሜው ልከለክለው አልቻልኩም፤ ከሰዓት የሚቅመውን ረፋድ ላይ አመጣሁለት። እንቅልፉ ተሻሻለ። ሐኪሙ በዚህ ዘዴ ስቋል።

አሁን ወደ "አወቅሽኝ?" ልምጣ፤ አንቺ ጣጣ ብለሽ ያለፍሽው ነገር ለኔ ዋናው ነበር።

ሰው ሊጠይቀው ይመጣል። ብርቱካንም ይዞ ይመጣል። ቁጭ ከማለቱ በፊት ግን ወደ ፊቱ ጠጋ ይልና "ጋሼ፣ አወቁኝ?" ይላል። አባቴ አያውቀውም። እንደማያውቀው ግን ያውቃል፣ ክፋቱ እሱ ላይ ነው። "እንዴት አላውቅህም፣ አንተን!" ይላል እየሳቀ፣ ግንባሩን ላብ ላብ ይለዋል። እንግዳው አይለቀውም። "እሺ ማን ነኝ?" ሌላው ከጎን "ንገሩት እንጂ!" እያለ ያግዛል። አንድ ትልቅ ሰው በገዛ ቤቱ በየቀኑ ፈተና ይቀመጣል፣ በየቀኑ ይወድቃል። እንግዳው ከሄደ በኋላ ቡና አይጠጣም፣ አይናገርም፣ ግድግዳውን እያየ ይቀመጣል።

ስለዚህ በር ላይ ሕግ አወጣሁ። የሚገባው ሰው በቅድሚያ ራሱን ይናገራል። "ጋሼ፣ እገሌ ነኝ፣ የእገሌ ልጅ፣ ዴፖ አብረን ነበርን።" የተቀየሙኝ ነበሩ። አንዱ የአባቴ የልብ ጓደኛ "እኔን ሊረሳ? ምን ትላለህ አንተ!" ብሎ በር ላይ አቁሞ ገሠጸኝ። ገባ፣ "እኔ እገሌ ነኝ" አለ፣ አባቴ ፊቱ በራ። ስሙን ከሰማ በኋላ የሚያወራው ነገር አላጣም፤ ሽማግሌዎቹ እስኪመሽ ድረስ ሲተራረቡ ዋሉ። እህትሽም ስትደውል "ማሚ፣ እኔ እገሊት ነኝ፣ ጂዳ ያለሁት ልጅሽ" ብላ ትጀምር። ምንም አይጎድልባትም።

በተረፈ ሥራ ስጫት። ቁጭ ብላ የምትውል እናት ማታ ትነሳለች። ለአባቴ የቢሮ ወረቀት መብሻ ገዛሁለት። የሰፈር ልጆች ወረቀት እየቆረጡ ይሰለፋሉ፣ እሱ ትኬታቸውን ይበሳል። ትኬት የሌለውን ያወርደዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሊቆይ ይችላል። የናትሽ እጅ የኖረበት ሥራ ምን ነበር?

አልዋሽም

የባቡሩ ልጅ ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን ሁሉንም በአንድ አትደምድመው። እኔ አባቴን ይዤ አልፌበታለሁ፣ ጎጃም ነው። በሽታው ገና ሲጀምር "ምን ሆኜ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ሁላችንም "ምንም አልሆንክም፣ ድካም ነው" አልነው። ሰውዬው እየጠፋበት መሆኑን ያውቃል፤ ዙሪያው ሁሉ ግን ይክደዋል። የመሬቱን ነገር፣ የኑዛዜውን ነገር ራሱ ሊጨርስ የሚችልበት ጊዜ በዚህ አለፈ። ኋላ እኛ ልጆቹ ፍርድ ቤት ተገናኘን። አሁንም ከአንዱ ወንድሜ ጋር አንነጋገርም።

ስለዚህ ገና ማስተዋል ላለው ሰው እውነቱ ይነገረው። ልቡናው እያለ ውክልናውን ይስጥ፣ ኑዛዜውን ይጻፍ፣ ያለበትን ዕዳ ይናገር።

ሞትንም በተመለከተ፣ እናትሽ "ደውይለት" ካለችሽ አንድ ነገር ነው። ዐይንሽን እያየች "ሞቷል እንዴ?" ካለችሽ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ አውቃለች። "አይ፣ ሥራ ላይ ነው" ካልሻት የገዛ ልቧን እንድትጠራጠር ታደርጊያታለሽ። እጇን ይዘሽ "አዎ እማ፣ አርፏል፣ በወጉ ቀብረነዋል፣ አንቺም ነበርሽ" በያት። ሳትጮኺ፣ ሰው ሳትሰበስቢ። ጠበልም ውሰጃት፣ ጸበሉ አይከፋም።

ሲስተር ነኝ

እዚሁ አዲስ አበባ ነርስ ነኝ። አልዋሽም ያለው ላይ እስማማለሁ። ጠበሉም ይሁን፤ መድኃኒቷን ግን አታቋርጪ፣ በብርድም ሌሊት አታስቁሟት። ሳንባ ምች እንዲህ ያለ ሰው ላይ ከባድ ነው።

ስለ መርዶው የምጨምረው አለ። በዚህ በሽታ መጀመሪያ ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች አንዱ አዲስ ነገር መዝግቦ የሚያስቀምጠው ነው። የድሮው ትዝታና እጅ የለመደው ሥራ የሚቆዩት ለዚህ ነው። ስሜት ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አልዛይመር ላለባቸው ሰዎች የሚያሳዝንና የሚያስቅ የፊልም ቁራጭ አሳዩ። ሰዎቹ ፊልሙን ቶሎ ረሱት። ሐዘኑና ደስታው ግን አብሯቸው ቆየ። የሽሮሜዳዋ ያየችው ይሄንኑ ነው፤ እናቷ ነገሩን ረስታ ሌሊቱን ሙሉ ስትዞር አድራለች። መልካሙ ነገር ደስታውም እንደዚያው መቆየቱ ነው። ጠዋት ያሳቅሻትን ባታስታውስም ከሰዓት ትቀልሻለች።

አሁን ጥያቄ አለኝ። ማታ የሚያስነሳት ነገር ቀስ በቀስ ነው የመጣው ወይስ በቅርቡ ባንድ ሳምንት ውስጥ? ድንገት ከሆነ "በሽታው ባሰ" ብለሽ አትቀመጪ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ ሳንባ ምች አረጋዊን ባንድ ቀን ያቃዣሉ። ትኩሳት ላይኖራት ይችላል። ይሄ ይታከማል። ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታ ከሆነም ተናገሪ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደም ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

መጀመሪያ ስትመረመር የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12፣ የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ ተደርጎላት እንደሆነ ካርዷን እዪ። መርሳት የሚመስሉ፣ ሲታከሙ ግን የሚሻሻሉ ስላሉ ነው። ድብርትም እንደዚያው። ጆሮዋንም አሳዪ። እርጅና ነው ስንል የከረምነው ሰው ጆሮው በኩክ ተደፍኖ አይቼ አውቃለሁ። የማይሰማ ሰው ይጠራጠራል፤ ሰዎች በሱ ላይ የሚንሾካሾኩ ይመስለዋል።

ያለው መድኃኒት፣ ዶኔፔዚልን የመሰለው፣ በሽታውን አያድንም። አንዳንዱን ሰው ለጊዜው ያግዘዋል፣ አንዳንዱን ሆዱን ያውከዋል፣ የልብ ምትም ሊያዘገይ ይችላል። ይሄ የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም የሚወስነው ነው። አማኑኤል ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። የአእምሮ ሐኪም ስለ እንቅልፏም ስለ ጥርጣሬዋም ሊረዳችሁ ይችላል፣ አትፍሪ።

ከሁሉ በፊት ግን አሁን የምትውጠውን ሁሉ ጻፊልኝ። ከፋርማሲ "ለእንቅልፍ" ተብሎ የተገዛ ነገር አለ?

ሜሪላንድ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። እናቴ እዚህ ከመጣች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ውጭ ላላችሁ ልጆች አንድ ነገር ልጻፍ፤ የጠያቂዋ ጉዳይ ባይሆንም ለሌላው ይጠቅማል።

ሐኪም ቤት የመርሳት ፈተና ሰጧት። በአሜሪካኖቹ 2022 ነው። "ዓመቱ ስንት ነው?" አሏት። "2014" አለች። ተሳሳተች ተብሎ ተጻፈ። "ሰዓቱ ስንት ይሆናል?" ረፋድ 10 ነው በነሱ። "አራት ሰዓት" አለች። ስህተት። ወሩን በኛው ተናገረች፣ እሱንም ስህተት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ ነገሩ ሲገባኝ "ዶክተር፣ ይቺ ሴትዮ እስካሁን አንድም አልተሳሳተችም" አልኩት። ሰውዬው ደህና ሰው ነበር፣ ሳቀና ወረቀቱን ቀደደው። በሌላ ቀን በአስተርጓሚ፣ በኛ አቆጣጠር ተፈተነች። በሽታው አለባት። ግን መጀመሪያ በተጻፈው ልክ አልነበረም። ያ ወረቀት ፋይሏ ውስጥ ቢቀር ብዙ ነገር ይወሰንባት ነበር።

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ጠይቁ። ልጅ አያስተርጉም። ልጅ ሲያስተረጉም የእናቱን ጉድለት ይሸፍናል፣ ወይም እናት ልጇ ፊት የማትናገረው ነገር ይቀራል። እናቴ ሽንት እያመለጣት እንደነበር የሰማሁት በአስተርጓሚዋ በኩል ነው።

እንግሊዝኛዋ ደግሞ ከዓመት ወዲህ ጠፋ። በሠራችበት ቋንቋ፣ ስንት ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ሆና። አሁን የምታውቀው አማርኛዋን ብቻ ነው፣ እሱንም የሠላሌውን። በኋላ የመጣው ቀድሞ መሄዱ የተለመደ ነው አሉኝ። የልጅ ልጆቿ አማርኛ አይችሉም። እነሱ ዳቦ ሲቆርሱ እጇን ይስማሉ፣ "አያት" ይላሉ፣ በዚህ ይግባባሉ።

የባቡሩ ልጅ

ሜሪላንድ፣ የሰዓቱ ነገር አሳቀኝ። አባቴን እዚህ "የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም ማነው?" ብለውት "እነሱን መጥራት ጣጣ አለው" አላቸው። አላወቀም ብለው ጻፉ። እኔ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

የሽሮሜዳዋ

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። እያንዳንዱን ሞክሬ ልመለስ ብዬ ነው የዘገየሁት።

የንስሐ አባቷን ጠየቅኳቸው። "ልጄን ጥሪልኝ ስትልሽ 'እግዚአብሔር ጋ ነው ያለው እማ፣ ጸልዪለት' በያት" አሉኝ። ይሄ ሠራ። ውሸትም አይደል፣ መርዶም አይደል። እሷ "አሜን፣ ይጠብቅልኝ" ትላለች፣ አቡነ ዘበሰማያት ትጀምራለች፣ ሳትጨርሰው ሌላ ወሬ ይመጣል። ሁልጊዜ አይሠራም። ባለፈው "እሱማ ነው፣ ስልኩ የት ነው?" ብላኛለች።

"ሞቷል እንዴ?" ብላም ጠየቀችኝ፣ አልዋሽም እንዳለው። እጇን ይዤ "አዎ" አልኳት። አልጮኸችም። "ማን ቀበረው?" አለች። "አንቺም ነበርሽ፣ ሁላችንም ነበርን፣ ሰዉ መንገዱን ሞልቶት ነበር" አልኳት። "ይሁን" አለችና ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ያን ሌሊት ተኝታለች።

እህቴ ግን አኩርፋኛለች። "በገዛ እናቴ ፊት ስሜን ልናገር? እንደ እንግዳ?" አለች። ሁለት ሳምንት አልደወለችም። ትናንት ደወለችና በሩጫ "ማሚ እኔ ነኝ ከጂዳ ልጅሽ" አለች። እናቴ "አንቺ ባሕር ማዶ ሄደሽ ከሳሽ እኮ" አለቻት። ሁለቱም አለቀሱ። ገንዘቡንም ትላክ፣ ግን ለእረፍት ስትመጣ እኔ ሱቄን ከፍቼ የምውልበትን ቀን ትሰጠኛለች ብዬ ነግሬያታለሁ። እሺ ብላለች፣ እናያለን።

የእጇ ሥራ ለተባለው፣ እናቴ ፈታይ ነበረች። እኛን ያሳደገችን በፈትል ነው። እንዝርቷ ሣጥን ውስጥ ነበር፣ ከተወችው ቆይታለች። ባዘቶ ገዝቼ አጠገቧ አስቀመጥኩና ምንም ሳልል ዘወር አልኩ። ትንሽ ነካ ነካ አደረገችው። ጥራጊውን በጣቷ ለቀመች፣ "ይሄን ማን ነው የነደፈው፣ ሰነፍ" አለች። ከዚያ ከባዘቶው ቆንጥራ እንዝርቱ ላይ አያያዘች፣ ጭኗ ላይ አንከባለለችውና ለቀቀችው። ክሩ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ወረደ። እኔ ሞክሬው አንድ ክንድ ሳይደርስ ይበጠሳል። እሷ ምሳ እንዳልበላች እንኳ የማታውቅ ሴት አንዴም አልበጠሰችም።

ጎረቤታችን ሸማኔው ልቃቂቷን አይቶ "እማማ፣ ይሄን ለማግ ይሽጡልኝ" አላት። ለማስደሰት መስሎኝ ነበር፣ የምሩን ነው። "ስንት ትሰጠኛለህ?" አለች። ዋጋ ጠራ። "ብር ከሃምሳ ነው የምሸጠው፣ ከዚያ ንቅንቅ የለም!" አለችው። እሱ ከዚያ ብዙ እጥፍ ጨምሮ ሰጣት። "አታለልኩት" ብላ ሹክ አለችኝ። ብሩን የት እንዳስቀመጠችው አላውቅም፤ ገና አላገኘሁትም።

ማታ የመነሳቱ ነገር ቀንሷል፣ አልቆመም። እኔም አብሬያት እወጣለሁ፣ እስከ አስፋልቱ ሄደን እንመለሳለን። በሲሊንደሩ ላይ ያለውን መክፈቻ ማታ ማታ ነቅዬ ነው የምተኛው፣ ከሰልም ሌሊት ቤት ውስጥ አላሳድርም።

ለሲስተር፦ አልወደቀችም። የደም ምርመራዋን አይቻለሁ፣ ታይሮይድና ስኳር አለ፣ ቢ12 የሚል አላገኘሁም። ጆሮዋን ወስጄ አሳይቼ ባንዱ በኩል ኩክ አወጡላት፣ "አትጩኺብኝ" ማለት ጀምራለች። ማታ መነሳቷ ቀስ በቀስ ነው የመጣው፣ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የባሰባት ከፋርማሲ የእንቅልፍ ብለው ትንሽ ክኒን ከሰጡኝ ወዲህ ይመስለኛል። ያለ ማዘዣ ነው የሰጡኝ። ምላሷም ይደርቅባታል፣ ሆዷም ደርቋል።

ሲስተር ነኝ

ቢ12ውን አስጨምሪ፣ ቀላል የደም ምርመራ ነው።

የክኒኑ ነገር ግን አሳስቦኛል። አፍ መድረቅ፣ ሆድ መድረቅና ማታ መቃዠት አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠረጥረው መድኃኒቱን ነው። አሚትሪፕቲሊን፣ ዳይፈንሀይድራሚን፣ የጉንፋኑ ክሎርፊኒራሚን የማስታወስ ችግር ያለበትን አረጋዊ ያባብሱታል። ሽንትም ሊይዙባት ይችላሉ። የጤና ባለሙያ ሳይሆን ጎረቤት "ለኔ ረድቶኛል" ብሎ የሰጣት ካለም እሱን ጨምሪ። አንዳንዱ ክኒን ባንዴ ሲቆም ችግር ስላለው፣ የምትወስደውን መጠንና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይዘሽ ሐኪሟ ጋ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ሽንቷ ከቀነሰ ወይም ሆዷ ከተነፋ ግን ሳምንቱን አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጃት። ስሙ ምን ይላል?

የሽሮሜዳዋ

ካርቶኑን ምድጃ ውስጥ ጨምራዋለች። ክኒኑ ብቻ ነው ያለኝ፣ ብልቃጡ ላይ ምንም አልተጻፈም። ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ፋርማሲው ሄጄ ስሙን አጽፌ እመጣለሁ። ሽንቷ ደህና ነው፣ አሁን ራሴ አየሁ።

ሲስተር ነኝ

ጥሩ። የወሰደችበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ ካላቸው እሱንም ጠይቂያቸው።